የታጅ ማሃልን ድንጋይ ማን ጠረበው?

(ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ ለኪነ ሕንጻ ተማሪዎችና ለታሪክ ወዳጆች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

ታጅ ማሃልን ያላየ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። አግራ ድረስ ባትሄዱም በካላንደር ላይ አይታችሁታል። በምግብ ቤት ግድግዳ ላይ አይታችሁታል። ልጅ ሆናችሁ ባያችሁት የህንድ ፊልም ውስጥ አይታችሁታል። ነጭ ነው፣ ፊት ለፊቱ ውሃ አለ፣ ንጉሡ ለሚወዳት ሚስቱ አሠራላት። የብዙዎቻችን እውቀት እዚህ ላይ ያበቃል።

እኔም ከዚህ በላይ አላውቅም ነበር። ለትምህርት ህንድ በሄድኩ በመጀመሪያው ዓመት የእረፍት ቀን ጠብቄ በሌሊት ባቡር አግራ ገባሁ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ተሰለፍኩ። ስገባ ከፊቴ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ጉልላቱ ሲያነሳ እሳቸው ቁጢጥ ብለው መሬቱን ያያሉ። ጠጋ ብዬ ምን እንደሚያዩ ጠየቅኳቸው። በቀዩ የንጣፍ ድንጋይ ላይ አንዲት ትንሽ ኮከብ ተቀርጻለች። የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። “ድንጋዩን የጠረበው ሰው ምልክት ናት” አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታጅ ማሃል ሲባል ቀድማ የምትመጣብኝ ያቺ ኮከብ ናት። ጠራቢዎቹ በሠሩት ድንጋይ ላይ ምልክታቸውን ይተዉ ነበር። ኮከብ አለ፣ ሦስት ማዕዘን አለ፣ ዓሣ አለ። ስማቸውን ማንም አልመዘገበውም። ምልክቱ ግን አለ፤ በየቀኑ ሺህ ሰው ይረግጠዋል። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለዚህ ነው። ይህን መቃብር እነማን ሠሩት? እንዴት ሠሩት? የማን ስም ቀረ?

ከፍቅሩ ልጀምር። ፍቅሩ እውነት ነው፤ ማንም ሊክደው አይገባም።

በ1612 ልዑል ኩራም አርጁማንድ ባኑ የምትባል ወጣት አገባ። እሱ ያኔ ሰሜን ህንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት የጃሃንጊር ልጅ ነው። እሷ ከፋርስ የመጣ ትልቅ ቤተሰብ ልጅ ናት። አክስቷ ኑር ጃሃን በቅርቡ የጃሃንጊር ሚስት ሆናለች፤ መንግሥቱን ጨብጣ የያዘች ብርቱ ሴት ነበረች። አርጁማንድ በኋላ ሙምታዝ ማሃል ተባለች። “የቤተ መንግሥቱ ምርጥ” እንደማለት ነው። ኩራም ሌሎች ሚስቶችም ነበሩት። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊዎች ግን ልቡ እሷ ጋ ብቻ እንደነበር ጽፈዋል። በ19 ዓመት ትዳር 14 ልጆች ወለደች። ያደጉት 7 ናቸው። ባሏ ሲዘምት አብራው ትዘምታለች፤ እርጉዝ ሆናም ቢሆን።

ወዴት ነበር የሚዘምተው? እዚህ ላይ የኛ አገር ሰው ታሪኩ ውስጥ ይገባል።

ከሙጋሎች ግዛት በስተደቡብ ደካን የሚባል ሰፊ አምባ አለ። እዚያ ሙጋሎችን ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል መላ ቅጡን ያሳጣቸው አንድ የጦር መሪ ነበር። ማሊክ አምባር ይባላል። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው የተወለደው። የልጅነት ስሙ ቻፑ ነበር ይባላል። ገና ልጅ ሳለ ለባርነት ተሸጠ። ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ባግዳድ ደረሰ፤ ከዚያም ህንድ። አምባር የሚለውን ስም ያወጡለት የገዙት ሰዎች ናቸው። ከደካን መንግሥታት አንዱ በሆነው በአህመድናጋር መንግሥት ውስጥ ከተራ ወታደርነት ተነሥቶ ንጉሥ አንጋሽ ሆነ። ህንዶች እንዲህ ያሉትን ሰዎች “ሐበሺ” ይሏቸዋል። ጃሃንጊር አምባርን ከመጥላቱ የተነሣ፣ የተቆረጠ ራሱን በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠርቷል። ሥዕሉ ዛሬም አለ። ራሱን ግን አንድም ቀን አላገኘውም። አምባር በ1626፣ 80 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ሥልጣኑን እንደያዘ ሞተ።

ኩራም “ሻህ ጃሃን”፣ የዓለም ንጉሥ፣ የሚለውን ማዕረግ ያገኘው በ1617 ነው። ማዕረጉን አባቱ የሰጠው በደካን ዘመቻ ቀንቶት ሲመለስ ነው። በሌላ አነጋገር ይህ ዓለም የሚያውቀው ስም ከአምባር ጋር በተደረገ ጦርነት የተገኘ ስም ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ልጁ በአባቱ ላይ አመጸ። ሲሸነፍ የት ሄደ? አምባር ጋ። ትናንት የወጋውን ሰው ዛሬ ተጠጋው። አርጁማንድ ባኑ በዚያ የስደት ዘመንም አብራው ነበረች።

ይህን የምነግራችሁ ታጅ ማሃልን በግድ የኛ ለማድረግ አይደለም። የሴትየዋ ዕድሜ ያለቀው በዚያ ጦር ሜዳ ዙሪያ ስለሆነ ነው።

ሻህ ጃሃን በ1628 ነገሠ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ወደ ደካን ወረደ። ሠፈሩን ቡርሃንፑር ላይ አደረገ። ጁን 17 ቀን 1631 ሙምታዝ እዚያው 14ኛ ልጇን ወለደች። ሴት ልጅ ነበረች። ልጅቷ ተረፈች፤ እናቷ በወሊድ ሞተች። ዕድሜዋ 38 ነበር። በዚያው ወቅት ዝናብ ቀርቶ ደካንና ጉጃራት በረሃብ ይረግፉ ነበር። ሬሳዋ ለጊዜው ታፕቲ ወንዝ ማዶ በአንድ የአትክልት ስፍራ ተቀበረ። ከስድስት ወር በኋላ ተነሥቶ፣ ልጇ ሻህ ሹጃ እየሸኘው፣ ወደ አግራ ተጓዘ። ያ አስከሬን የተነሣው ረሃብ ካደቀቀው አገር እንደሆነ ሳስብ ነጩ ድንጋይ ሌላ ቀለም ይይዝብኛል።

አሁን ወደ ግንባታው እንሂድ። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው፤ ታገሱኝ።

ቦታው ያሙና ወንዝ ዳር ነው። የራጃ ጃይ ሲንግ ይዞታ ነበር፤ ለሙጋሎች ያደረ መስፍን ነው። ንጉሡ ቦታውን ሲወስድ በምትኩ አራት ቤቶች ሰጠው። ሥራው በ1632 ተጀመረ። ግንባታ ላይ የምትሠሩ፣ ወንዝ ዳር ይህን የሚያህል ክብደት ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። መሬቱ ደለል ነው። ክረምት ሲመጣ ወንዙ ይሞላል፤ በጋ ላይ ይጎድላል። መሠረቱ እርጥብና ደረቅ ሲፈራረቅበት ሊሰነጠቅ ይችላል።

መላው ምን ነበር? ጉድጓድ። በወንዙ በኩል እንደ ውሃ ጉድጓድ ክብ አድርገው ቆፈሩ። ዙሪያውን በጡብ እየገነቡ አወረዱ። ከዚያ በድንጋይና በኖራ ጠቀጠቁት። አንዱ ጉድጓድ ካንዱ ጎን ተደረደረ። መድረኩ ያረፈው በዚህ ላይ ነው። ዛሬ ፓይል ፋውንዴሽን የምንለው፣ ወደ መሬት በጥልቀት በሚወርዱ ምሰሶዎች ላይ የሚያርፍ መሠረት የቅርብ ዘመድ ነው። ይሄው ወደ 400 ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቆሟል።

እብነ በረዱ የመጣው ከማክራና ነው። ማክራና ራጃስታን ውስጥ ነው፤ ከአግራ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ያን ሁሉ መንገድ የተጓዘው በበሬ ጋሪ ነው። ሻህ ጃሃን ለራጃ ጃይ ሲንግ የጻፋቸው ትእዛዞች ዛሬም አሉ። ጋሪ አቅርብ ይላሉ። አንዱ ትእዛዝ ደግሞ ድንጋይ ጠራቢዎችን ወደ ራስህ ሥራ አትውሰድብኝ፣ ሁሉንም ወደ ማክራና ላክ ይላል። ይህ ምን ይነግረናል? ያኔም ጎበዝ ባለሙያ ጠፍቶ ይሻሙበት ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ታጅ ማሃል ውስጡ ጡብ ነው። እብነ በረዱ ልብሱ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን ደስ አለኝ። ሸክሙን የተሸከመው በየመንደሩ ያለው፣ ከአፈር የተሠራው፣ ማንም የማያየው ጡብ ነው።

ታቬርኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ በዚያ ዘመን አግራን አይቶ ጽፏል። 20,000 ሰው ሳያቋርጥ ይሠራ ነበር ይላል። ሌላም የሚገርም ነገር ይነግረናል። እንጨት ስላልተገኘ መወጣጫው ራሱ በጡብ ተሠራ፤ የመወጣጫው ወጪ ከሕንጻው በለጠ ይላል። ሂሳቡን አጋኖት ሊሆን ይችላል። ግን እስቲ አስቡት። በመጀመሪያ አንድ የጡብ ተራራ ተሠራ። ከዚያ ነጩ ሕንጻ በውስጡ አደገ። በመጨረሻ ተራራው ፈረሰና ሕንጻው ብቻውን ቀረ። ያን ቀን እዚያ ሆኖ ማየትን የማይመኝ ግንበኛ ይኖራል?

ዋናው መቃብር በ1643 አካባቢ ተጠናቀቀ። ግቢው በሙሉ ሲያልቅ ግን ከ20 ዓመት በላይ ወስዷል።

እስቲ አብረን እንግባ። ፎቶ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ፎቶ አንድ ነጭ ቤት ያሳያችኋል። ታጅ ማሃል ግን መንገድ ነው፤ በእግር ነው የሚነበበው።

ስትመጡ መጀመሪያ የሚያገኛችሁ ቀይ ነው። ቀይ ግቢ፣ ቀይ አጥር፣ ግዙፍ ቀይ በር። ነጩ ነገር አይታይም። በሩ ሆን ተብሎ ጋርዶታል። በበሩ ዙሪያ በጥቁር ድንጋይ የተጻፈ የቁርኣን ቃል አለ። የረጋችውን ነፍስ ወደ ጌታሽ ተመለሺ፣ ወደ ገነቴ ግቢ ይላታል። ከዚያ በጨለማው ቅስት ስር ታልፋላችሁ። ድንገት ብርሃን። ነጩ በቅስቱ ልክ ተቆርጦ ፊታችሁ ተሰቅሏል። እኔ ያን ጊዜ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ያለው ሰው ገፍቶ ነው ያስገባኝ።

ከበሩ ቀጥሎ አትክልቱ ነው። በየአቅጣጫው 300 ሜትር ገደማ ሲሆን በውሃ መስመር አራት ቦታ ተከፍሏል። የፋርስ ሰዎች ያመጡት አሠራር ነው፤ ቻር ባግ ይሉታል፣ አራት አትክልት ማለት ነው። አራቱ ውሃዎች የገነት ወንዞች ምሳሌ ናቸው። እኛም ይህን እናውቀዋለን። ከኤደን የወጡትን አራቱን ወንዞች እየቆጠርን ግዮን ላይ ስንደርስ አባይ ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን። እዚያ አትክልት ውስጥ ለኛ ጨርሶ ባዕድ የሆነ ነገር የለም።

ከዚህ በፊት የነበሩት የሙጋል መቃብሮች የሚቆሙት አትክልቱ መሃል ነበር። ዴልሂ ያለው የሁማዩን መቃብር እንዲህ ነው። የታጅ ማሃል ባለሙያዎች ግን መቃብሩን መጨረሻው ላይ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ አደረጉት። ስለዚህ ከኋላው ሌላ ሕንጻ የለም። ከኋላው ሰማይ ብቻ ነው። ጠዋት ሮዝ፣ ቀትር ላይ ዓይን የሚወጋ ነጭ፣ ማታ ወርቅማ የሚመስለው ለዚህ ነው። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ማህታብ ባግ፣ የጨረቃ ብርሃን አትክልት፣ የሚባል ሌላ ግቢ አለ። ከታጅ ማሃል ጋር በአንድ መስመር የተሠራ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ መቃብሩ መሃል ይሆናል፣ ወንዙም የአትክልቱ አንድ የውሃ መስመር ይሆናል። ሻህ ጃሃን ለራሱ ማዶ ላይ ጥቁር ታጅ ሊሠራ ነበር የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። ቦታው ተቆፍሮ ታይቷል። የተገኘው ትልቅ ስምንት ማዕዘን ገንዳ ነው። ነጩ ሕንጻ በማታ ጥላውን የሚጥልበት ውሃ። ከወሬው ይልቅ ይሄኛው ለኔ ይበልጥ ያምራል።

ከመቃብሩ በስተምዕራብ መስጊድ አለ። በስተምሥራቅ ልክ እሱን የሚመስል ሕንጻ ቆሟል። ጃዋብ ይሉታል፣ ዐረብኛ የምታውቁ እንደምትረዱት “መልስ” ማለት ነው። መስጊድ ሆኖ አያገለግልም፤ ፊቱ ወደ መካ አይደለም። መስጊዱን ከዚህኛው ጎን የሚመልስለት ነገር ስላስፈለገ ነው የተሠራው። ዜማ አዋቂዎቻችን በግራና በቀኝ ቆመው ሲቀባበሉ አስቡ። እንደዚያ ነው።

ነጩ መድረክ በየጎኑ 95 ሜትር ገደማ ነው። መቃብሩ ራሱ 57 ሜትር። ከመሬት እስከ ጫፉ 73 ሜትር ያህል ይሆናል። በአራቱ ማዕዘን ያሉት ሚናራዎች ወደ ውጭ ትንሽ ዘመም ያሉ ናቸው። የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ መቃብሩ ላይ እንዳይወድቁ ነው ይባላል። ፍጹም ቀጥ ብለው ቢሠሩም ደግሞ ከሩቅ ወደ ውስጥ የተጎነበሱ ሊመስሉ ይችሉ ነበር።

ጉልላቱ ሁለት ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ አለ። ከውጭ ስታዩት ከሩቅ እንዲታይ ከፍ ማለት አለበት። ያ ከፍታ ወደ ውስጥ ቢገባ ግን ክፍሉ ጉድጓድ ይመስላል። ስለዚህ ከውስጥ ሌላ ዝቅ ያለ ጉልላት ሠሩ። በሁለቱ መሃል ያለው ባዶ ነው። ውስጥ ገብታችሁ ድምፅ ብታወጡ ጉልላቱ ይቀበላችኋል። ድምፁ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ቶሎ አይጠፋም።

ጽሑፉስ? ከታች ቆማችሁ በቅስቱ ዙሪያ የተጻፈውን ስታነቡ ፊደሉ ከላይ እስከ ታች እኩል ይመስላል። እኩል አይደለም። ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ፊደሉ እየተለቀ ይሄዳል፤ ከታች ለሚያይ ዓይን እኩል እንዲሆን። ይህን የሠራው ከሺራዝ የመጣው አማናት ካን ነው። ግንባታው ላይ ከሠሩት ሁሉ ስሙን በድንጋዩ ላይ ጽፎ የተወው እሱ ብቻ ነው። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ዓመቱን። ሌላው ሁሉ ኮከብና ዓሣ ነው።

ግድግዳው ላይ ያሉት አበቦች ቀለም የተቀቡ እንዳይመስሏችሁ። እያንዳንዱ ቅጠል የተቆረጠ ድንጋይ ነው። ጠራቢው እብነ በረዱን በአበባው ቅርጽ ይፈለፍላል። ሌላው ባለቀለሙን ድንጋይ በዚያው ልክ ሞርዶ ይከተዋል። ሰማያዊው ላፒስ ላዙሊ ከአፍጋኒስታን ነው የመጣው። ቀዩ ካርኔሊያን ነው። አንድ አበባ በደርዘን የሚቆጠሩ ቁራጮች ሊኖሩት ይችላሉ። በጣታችሁ ስትዳስሱት ግን መጋጠሚያው አይሰማችሁም። አስጎብኚዎች አምሽተው ባትሪ ያበሩበታል፤ ካርኔሊያኑ ፍም ይመስላል።

መሃል ላይ የሙምታዝ ሣጥን አለ። ከእብነ በረድ የተፈለፈለ፣ ወንፊት የሚመስል ስምንት ማዕዘን መጋረጃ ከብቦታል። የምናየው ሣጥን ግን ባዶ ነው። ሙምታዝ ያለችው ከሥሩ፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገብታችሁ የምታውቁ ይህ አይገርማችሁም። ምኒልክም፣ ጣይቱም፣ ዘውዲቱም ያረፉት ከወለሉ ሥር ነው። ነገሥታት ከእግራችን በታች ናቸው፤ እኛ ከላይ ቀስ ብለን እንራመዳለን።

የንድፉ ባለቤት ማን ነበር? የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ጸሐፊዎች የንጉሡን ስም እየደጋገሙ የዋናውን መሐንዲስ ስም ዘለሉት። ዛሬ ኡስታድ አህመድ ላሆሪ ነው የምንለው፣ ልጁ ሉትፉላህ በጻፈው ግጥም ውስጥ አባቴ ነው የሠራው ስላለ ነው። ልጁ ባይጽፍ ኖሮ እሱም አንድ ኮከብ ሆኖ ይቀር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ሻህ ጃሃን ሥራው ሲያልቅ የባለሙያዎቹን እጅ አስቆረጠ የሚባል ታሪክ አለ። እኔም ለሰው አውርቼዋለሁ። ምንም ማስረጃ የለውም። እንዲያውም ላሆሪ ከዚያ ዴልሂ ሄዶ በ1639 የተጀመረውን ቀዩን ምሽግ መሠረተ። ልጆቹም መሐንዲሶች ሆኑ። ያን ተረት ስናወራ እነዚያ ሰዎች ተጨማሪ ሥራ እንዳልሠሩ፣ ደቀ መዝሙር እንዳላፈሩ እናደርጋቸዋለን። እጃቸውን የሚቆርጠው ተረታችን ነው።

ሕንጻውም ቢሆን እንከን አልባ አልነበረም። በ1652 ልዑል ኦውራንግዜብ ወደ አባቱ ደብዳቤ ጻፈ። እናታችን መቃብር ላይ ጉልላቱ በሰሜን በኩል በሁለት ቦታ ያፈሳል አለ። ክረምቱ ነው ያጋለጠው። ይህን ደብዳቤ እወደዋለሁ። የዓለም ድንቅ የምንለው ቤት ጣራው ያፈሳል፤ ልጅ ለአባት ይነግራል፤ ግንበኛ ይጠራል።

ያው ልጅ በ1658 አባቱን ከዙፋን አወረደው። ሻህ ጃሃን የቀረችውን ዕድሜውን በአግራ ምሽግ ታስሮ ኖረ። ልጁ ጃሃናራ አብራው ሆና አስታመመችው። ከምሽጉ ታጅ ማሃል ወንዙ ዳር ይታያል። በ1666 ሞተ፤ ሙምታዝ አጠገብ ተቀበረ። የሷ ሣጥን ልክ መሃል ነው። የሱ በጎን፣ በምዕራብ በኩል ነው፤ ከሷ ከፍ ይላል። በዚያ ሚዛኑን ስቶ በማያውቅ ግቢ ውስጥ ሚዛን ያጣው አንዱ ነገር የንጉሡ የራሱ መቃብር ነው።

ስለ ደካን የጀመርኩትን ልጨርስ። አምባር በ1610 ካድኪ የምትባል ከተማ ቆርቁሮ ነበር። ከመሬት ሥር የሚሄድ የውሃ ቦይ ዘርግቶላታል። ኦውራንግዜብ በኋላ በራሱ ስም ኦውራንጋባድ አላት። ሚስቱ ዲልራስ ባኑ ስትሞት መቃብሯ እዚያው ተሠራ። ቢቢ ካ ማቅባራ ይባላል፤ ታጅ ማሃልን ቁርጥ ነው። ገንዘቡ ግን ትንሽ ነበር። እብነ በረዱ እስከ ግድግዳው ወገብ ይሄድና ከዚያ በላይ ልስን ይሆናል። ሰዎች የድሃው ታጅ ይሉታል። እኔ ግን እንዲህ ብዬ አልጠራውም። የሠራው አታ ኡላህ ነው፤ የላሆሪ ልጅ። በሩ ላይ የመሐንዲሱ ስም ተጽፏል። ሐንስፓት ራይ የሚባል የሌላ ባለሙያ ስምም አለ። አባትየው ያላገኘውን ልጅየው አገኘ፤ ያውም ከኢትዮጵያ በባርነት የሄደ ልጅ በቆረቆራት ከተማ ውስጥ። የአምባር የራሱ መቃብር ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኩልዳባድ ነው። ትንሽ ጉልላት ያላት ጸጥ ያለች ቤት ናት። ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ እለፉባት።

በኛ በኩልስ? ታጅ ማሃል በተጀመረበት በ1632 አፄ ፋሲል ነገሡ። ጎንደርን ሲቆረቁሩ አግራ ላይ ነጩ ሕንጻ እየወጣ ነበር። በ1648 ጎንደር የደረሰው የየመን መልእክተኛ አል ሐይሚ ግንቡን የሠራው ህንዳዊ ባለሙያ እንደሆነ ጽፏል። አፄ ፋሲል ኋላ ወደ ኦውራንግዜብ ቤተ መንግሥት መልእክተኛ ልከዋል። ቀይ ባሕርና የህንድ ውቅያኖስ ያኔ እንደ አንድ ሰፈር ነበሩ። ሰው ይሸጥበታል፣ ጨርቅ ይሄድበታል፣ ግንበኛ ይመጣበታል።

ስለ ዛሬው ባጭሩ። የአግራ ፋብሪካዎች ጭስ እብነ በረዱን ሲያጠቁረው የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 ፋብሪካዎቹ ወይ በጋዝ ይሥሩ ወይ ይነሡ ብሎ ወሰነ። ግድግዳውን የሚያጸዱት በሸክላ አፈር ነው። እርጥቡን አፈር ይለጥፉበታል፣ ሲደርቅ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ህንዳውያን ሴቶች ፊታቸውን የሚቀቡት ያው አፈር ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ያሙና ነው። ወንዙ ቀጥኗል፣ ቆሽሿል። ከቆሸሸው ውሃ የሚፈላ ነፍሳት ነጩን ግድግዳ አረንጓዴ እያደረገ አስቸግሯል። መሠረቱ የታሰበው ለሚፈስ ወንዝ ነበር።

የመጨረሻዋን ነገር ልንገራችሁና ጥያቄያችሁን እሰማለሁ። በመጣሁ በሁለተኛው ቀን ከግቢው በስተደቡብ ታጅ ጋንጅ ወደሚባለው ሰፈር ገባሁ። ሠራተኞቹና ነጋዴዎቹ ያኔ የሰፈሩበት ነው። ጠባብ መንገድ፣ ሻይ፣ ፍየል፣ ሞተር ሳይክል። አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ። አያት ቅድመ አያቶቻችን ታጅ ማሃልን የሠሩት ናቸው ይላሉ። አንደኛው ሽማግሌ በግራ ጣቱ ጫፍ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ቀይ ድንጋይ ይዟል። በቀኙ የመሞረጃውን ክብ ያዞራል። ድንጋዩን ያስጠጋል፣ ያነሳል፣ ወደ ብርሃኑ ያያል፣ እንደገና ያስጠጋል። ለአንዲት ቅጠል ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ነጩ ድንጋይ ላይ በተፈለፈለው ቦታ አስቀመጣትና በአውራ ጣቱ ጫን አላት። ገጠመች። እጄን ይዞ በላዩ ላይ አስኬደው። ጥፍሮቹ ሥር ነጭ ዱቄት ነበር። ስሙን ጠየቅኩት። ሳቅ አለና ነገረኝ፤ ደብተሬ ላይም ጻፍኩት።